ለ«ሽውታ» ቁጥር ሁለት የሚሆን ክፉ ሰው

ሮቤ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ሐመልማል፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ የማያባራው የበርገን ዝናብ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ክብር ለእሱ ይሁን ደኅና ነን። የአጎትዎ ልጅ ገዛኸኝ፣ አባቴ፣ እጅ ነስቶዎታል። ከሾፌርነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የእድር ዳኛ ሆኖ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያበርደው እሱ ነው። ቤት የማገኘው ለምሳ ብቻ ነው።

«ስልክ አልወድም፤ የምትነግሪኝን ጽፈሽ ላኪ» ስላሉኝ ይኸው ብዕር ጨበጥኩ። የሠርግ ቪዲዮ ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ነኝና ጽሕፈቴ ቢያስቀይምዎ ይታገሡኝ።

እትዬ፣ «ሽውታ» ታየች! እርስዎ በላኩልን መብራቶች የቀረጽናት ፊልም ሮቤ ሁለት ቀን፣ ጎባ አንድ ቀን አዳራሽ ሞላች። ሶሲ፣ ሽውታን ሆና የምትሠራው ልጅ፣ ሰነቴ አምባ ላይ መብረቅ መትቷት ስትነሳና ከሮቤ ጎባ እንቁላል ሳይበስል ሮጣ ስትደርስ ሕዝቡ በፉጨት አዳራሹን ሊያፈርሰው ነበር። ጉዱ የመጣው ክፉው ሲገባ ነው። ጅብ የሚሆነውን ሰውዬ የሠራው ጀይላን ነው፤ መለዋወጫ የሚሸጠው። የበግ ለምድ ለብሶ ጥርሱን ገልጦ ከዋሻ ሲወጣ አንዱ ከኋላ «ጀይላን፣ ካንዴላ አለህ?» ብሎ ጮኸ። በቃ! ከዚያ በኋላ እሱ ባገሳ ቁጥር ሰው በሳቅ ሞተ። ምስኪኑ ጀይላን እስከ ዛሬ ሱቁ ሲገቡ ያገሱበታል።

ስለዚህ ለሁለተኛው ክፍል የሚያስፈራ ክፉ ሰው ያስፈልገኛል። ጀይላን ዘንዶ ይሁን ይላል፤ ሶሲ ደግሞ ጠንቋይ ትላለች። እኔ ሁለቱም አልዋጥ አለኝ። ኃይል ላላት ልጅ ተመጣጣኝ ጠላት ካላቆምኩላት ፊልሙ ከሸፈ ማለት ነው። እስቲ እርስዎ ይምከሩኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ያስፈራዎታል?

እግዚአብሔር በሰላም ያቆይልኝ።
ልጅዎ ፌበን ገዛኸኝ

•

በርገን፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፌበን፣

እመቤቴ ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፤ እጅሽን ትባርክልሽ። ደብዳቤሽ ከወር በላይ መንገድ ላይ ቆይቶ ደረሰኝ። የካንዴላዋን ነገር አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ስቄ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አንቺ ሞኝ፣ ጅብ ማንን ያስፈራል? ጅብ ጅብ መሆኑን አይደብቅም። ዘንዶሽንም ጠንቋይሽንም ለሕፃናት ተዪአቸው። እኔ የሚያስፈራኝን ልንገርሽ፤ እንዳለ አድርገሽ ጻፊው።

ሽውታ እግሯ ይሰበር። መሮጥ አትችልም። በዚያው ቀን አንዲት ሴት ምጥ ይይዛታል፤ ደም ይፈሳታል። ጎባ ሐኪም ቤት ካልደረሰች አለቀላት። ከተማው ውስጥ መኪና ያለው አንድ ሰው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሁሉ የሚያከብረው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው። ሴትዮዋን ጋሪ ላይ አስተኝተው በሩ ድረስ ያመጧታል። እሱ ወጥቶ ያያታል። ከዚያም «መኪናዋ ተበላሽታለች» ይላል። መኪናዋ ግን ደኅና ናት። ክፉሽ ይኸው ነው።

ጎባ ለጥምቀት የምትመጣ ልጅ አለች፤ አዲስ ካሜራ በእሷ እልክልሻለሁ። ክፉው ሰው ግን ይህ ካልሆነ ካሜራውን አልልክም፤ ከአሁኑ ልንገርሽ።

ጸሎትሽ አይለየኝ።
ሐመልማል

•

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ሐመልማል፣

እንኳን ለልደቱ በደኅና አደረሰዎ! እኔ ከደስታዬ ብዛት መሬቱን የምረግጥ አይመስለኝም። ያሉኝን ሰው እንዳለ ጻፍኩት። ለሥራ ጓደኞቼ ጀይላን ሱቅ ውስጥ ሳነብላቸው ያ ወሬኛ ጀይላን የያዘውን ዕቃ አስቀመጠ። «ያ ረቢ! ይሄስ ያስፈራል። እኔ ለምዱን ለብሼ ያላስፈራሁትን ይሄ ሰውዬ በሸሚዝ አስፈራኝ» አለ።

አሁን ጥያቄ አለኝ፤ አይቆጡኝ። አንደኛ፣ ለምን አይወስዳትም? ክፉም ቢሆን ምክንያት ያስፈልገዋል። ምክንያት የሌለው ክፉ መልሶ ጅብ ይሆንብኛል። ሁለተኛ፣ ሴትዮዋ መንገድ ላይ ትሙት ነው የሚሉኝ? እኛ አገር አክተር ባለበት ፊልም ሰው እንዲህ ዓይን እያየ አይሞትም። ሰው ተነስቶ ይሄድብኛል። ሦስተኛ፣ መኪናው ምን ዓይነት ነው? በሩስ? ጠጋ ብሎ የሚያሳይ ነገር ከሌለኝ መቅረጽ አልችልም።

አባቴ ምን እንደምጽፍ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ሲያልቅ በድንገት ላሳየው ስለፈለግኩ ደብቄዋለሁ። «ሐመልማል ሰላም አላለችኝም?» ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀቱ አልበቃት ብሎ ነው አልኩት።

ልጅዎ ፌበን

•

በርገን፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፌበን፣

ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ካሜራው መቼም እስካሁን እጅሽ ገብቷል።

መኪናዋ ነጭ ላንድክሩዘር ናት፤ የመንግሥት። የምትቆመው ግቢ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ አረንጓዴ የተቀባ፣ ታችኛው ጥጉ በፈረስ ርግጫ የጎደጎደ። ሰውዬው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይወጣል። ቁልፉ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሲያጎነብስ ይንሿሿል። ሴትዮዋን አይነካትም። የሚያያት ከወገቧ በታች ነው፤ ፊቷን አንዴም አያይም። ከዚያ «ተበላሽታለች፣ እኅቴ። ምን ላድርግ?» ይላል። «እኅቴ» የምትለዋን እንዳትረሺ። በሩን ሲዘጋ ቀስ አድርጎ ነው፤ ሰው እንዳይቀየመው።

ምክንያቱን ጠየቅሽኝ። እኔ ምን ዐውቄ? ሃያ ሁለት ዓመት ራሴን ጠይቄ ያላገኘሁትን ነገር አንቺ በአንድ ደብዳቤ ታወጪኛለሽ? ምክንያት አትስጪው። ሴትዮዋም ትሙት። መንገድ ላይ ትሙት። የሚነሳ ይነሳ፤ የሮቤ ሰው ይየው።

ሐመልማል

•

ሮቤ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐመልማል፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የዘገየሁት ፖስታ ጠፍቶ አይደለም። ልጽፍ ስቀመጥ እጄ እምቢ እያለኝ ነው።

የእኛ በር ዛሬ ቡናማ ነው። ቀለሙ የተላጠበት ጋ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። ታችኛው ጥግ ጎድጓዳ ነው። ትንሽ ሆኜ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ እግሬን አስገብቼ እንጠላጠል ነበር። ባሕር ዛፉ ተቆርጧል፤ ጉቶው አለ። አባቴ ሠላሳ ዓመት የነዳት መኪና ነጭ ላንድክሩዘር ነበረች።

እናቴ በሕይወት ብትኖር እሷን እጠይቅ ነበር። ጎባ ሄጄ ጃርሳ ሁንዴን ጠየቅኳቸው፤ ያን ጊዜ የዘመዱን ሁሉ ጠብ የሚሸመግሉት እሳቸው ነበሩ አሉ። ገና የእርስዎን ስም ስጠራ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና «ያ ነገር ተቀብሯል፣ ኢንተለኮ፣ ልጄ። የተቀበረ አይቆፈርም» ብለው ቡና እንኳ ሳያስጠጡ ሸኙኝ። ሽማግሌ ቡና ሳያስጠጣ ሲሸኝ አይቼ አላውቅም።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በእኔ እጅ አባቴን ሊያስወግሩት ነበር? ሮቤ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያንን በር አይቶ የማን እንደሆነ የማያውቅ ትልቅ ሰው የለም። ይህ ሰው ነገ ማንን ያስታርቃል? እድሩስ? እኔስ በየት በኩል አልፋለሁ? እኔ ክፉ ሰው ይምረጡልኝ አልኩ እንጂ አባቴን ይስጡኝ መች አልኩ?

የካሜራውን ሳጥን አልከፈትኩትም። ግልጹን ካልነገሩኝ እመልስልዎታለሁ።

ፌበን

•

በርገን፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለፌበን፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያረጋጋልሽ። ተቆጥተሻል፤ እውነት አለሽ።

እኅት ነበረችኝ። ወለተኢየሱስ ትባላለች። ስሟን እንኳ እንደማታውቂው ከደብዳቤሽ ገባኝ፤ ከሁሉ ያቃጠለኝ ይኸ ነው። ሚያዝያ 1994 በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ደም መታት። ናፍጣ ጠፍቶ ታክሲዎቹ ከቆሙ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ናፍጣ ያላት የመንግሥት መኪና ብቻ ናት። ዘመዳችን አለ ብለን በጋሪ እናንተ በር አደረስናት። እኔ ራሷን ይዤ ነበር። የቀረውን ጽፌልሻለሁ። ወደ ጎባ ስንሄድ ዝናብ መጣ፤ ፈረሱ ጭቃው ላይ አቅቶት ቆመ። እኔና ባሏ ጋሪውን ገፋን። ግማሽ መንገድ ላይ «ሐሙ፣ በረደኝ» አለችኝ። በቃ። እሷም ልጇም።

በማግስቱ ከቀብር ስንመለስ ያቺ ነጭ መኪና አጠገባችን አለፈች። አባትሽ ይነዳል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከኋላ ተቀምጧል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ጃርሳ ሁንዴ መሐል ሆነው ጠየቁት፤ «ተበላሽታ ነበር፤ ሌሊቱን ጠግኜያት ነው» ብሎ ማለ። እናቴ «ዘመድ ነው፤ ይብቃ፤ ሌላ ሬሳ አልፈልግም» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ሽማግሌዎቹ «ይህን ነገር ዳግም በአፉ ያነሳ፣ አፉ እህል አይቅመስ» አሉ። እሱም አሜን አለ፤ እኔም አሜን አልኩ። በዚያው ዓመት አገር ለቀቅኩ።

እኔ መሐላዬን አፍርሼ አላውቅም። ስልክ የምጠላው ለዚህ ነው፤ የአባትሽን ድምፅ ከሰማሁ አፌ ያመልጠኛል። አንቺ ፊልም እሠራለሁ ስትዪ ግን አሰብኩ፤ ፊልምም ወረቀትም አፍ አይደለም። እኔ አልተናገርኩም፤ ሽውታ ተናገረች። ብልጣ ብልጥነት ነው ትዪኝ ይሆናል። አዎ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የታፈነ ሰው ቀዳዳ ካገኘ በቀዳዳው ይወጣል።

ሌላ ክፉ ሰው አልፈልግም። ጅብሽን ከመለስሽ ካሜራውን መልሺልኝና እንለያይ።

ሐመልማል

•

ሮቤ፣ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ሐመልማል፣

እንደምን አሉልኝ? የእሜት ወለተኢየሱስን ነፍስ ይማርልኝ። ይህን ለማለት ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ አባቴን እንዴት ብዬ ልጠይቀው? እሱም አሜን ብሏል። አፉን ከፍቶ ልመልስ ቢል እህል ይከለከላል። ሳምንት ሙሉ ምሳ እያቀረብኩለት ዓይኑን ማየት አቃተኝ። በመጨረሻ የጻፍኩትን ትዕይንት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና «አባዬ፣ ለሁለተኛው ፊልም ነው። የክፉው ሰውዬ ንግግር አላማረኝም፤ አርምልኝ» አልኩት።

መነጽሩን አድርጎ መስኮቱ አጠገብ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህን አንቺ አልጻፍሽውም» አለኝ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወጣ። የዚያን ዕለት የእድር ስብሰባ ነበረው፤ አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ምሳውን ሳይነካ ወረቀቱን መለሰልኝ።

«እስከ በሩ ድረስ ያለው ልክ ነው። ቃል አትቀይሪ። ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ካሜራሽ ውጭ ቀረ። ሰውዬው ውስጥ ገብቶ ምን እንዳደረገ ማን አየው?» አለኝ። ከወረቀቱ ጀርባ በዚያ የሾፌር መዝገብ ላይ በሚጽፍበት ጽሕፈት አንድ ትዕይንት ጽፏል። እኔ አንብቤ ሳልጨርስ «እኔው ልሥራው። ሌላ ሰው አይችለውም» አለ። ሰው ያውቅሃል አልኩት። «ይወቀኝ» አለ።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ጀይላን ከደንበኛው በተዋሰልን ነጭ ላንድክሩዘር፣ በገዛ ግቢያችን ቀረጽነው። ካሜራውን ጀይላን ያዘ፤ ምክንያቱም በአባቴ ትዕይንት ውስጥ ሚስቱ አለች፣ እናቴ ማለት ነው፤ የእሷን ቀሚስ ለብሼ እናቴን የሠራሁት እኔ ነኝ። አባቴ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሄዶ የመኪናዋን በር ከፈተ፤ የሾፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከተተ። አላስነሳም። ዞሮ የኋላውን ወንበር አየ፤ ወንበሩ ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ልብስ ገና መልበሱ ነው። እኔ ጠጋ ብዬ በጽሑፉ እንዳለው «ለምን አትወስዳትም?» አልኩት።

«አሁን አጥቤያት ጨረስኩ። ነገ ኃላፊው ይሳፈርባታል። ደም አይለቅም» አለኝ።

ይኸው ነው፣ እትዬ። ሌላ ምክንያት የለውም። እኔ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ይሆናል፣ ተጣልተው ይሆናል እያልኩ ስንት ሰበብ ሳዘጋጅለት ከርሜ ነበር። ለወንበር ልብስ!

ከዚያ በኋላ ያለው በጽሑፉ ውስጥ የለም። ከመኪናው ወርዶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ጀይላን ካሜራውን ማጥፋት ረስቶ እያለቀሰ ይቀርጻል። እኔ አላነሳሁትም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጠላሁት። አንድ ሳምንት ምሳውን አስቀምጬለት እወጣ ነበር እንጂ አብሬው አልቀመጥኩም። እናቴም ያን ሰምታ ዝም ብላ አብራው መኖሯን ሳስብ ደግሞ ያንገበግበኛል። ትናንት ግን ሳየው ሸሚዙን ሳይተኩስ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጠርቼ አብሬው ምሳ ተቀመጥኩ። አባቴ ነው፤ ምን ላድርግ?

ቀረጻውን በፍላሽ ለእርስዎ ልኬያለሁ። ለገና አዳራሹን ይዣለሁ። «ሐመልማል አሳዪው ካለች አሳዪው፤ እኔ ፊት ወንበር እቀመጣለሁ» ብሎኛል። ይታይ ወይስ ይቅር? ቃልዎን እጠብቃለሁ።

ፌበን

•

በርገን፣ ነሐሴ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለፌበን፣

አምላከ ቅዱሳን ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ለአዲሱ ዓመት በሰላም ያድርስሽ።

ፍላሹ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት መክፈት ፈራሁ። ከዚያ አንዴ አየሁት። ሁለተኛ አላይም።

እዚህ ሥራዬ ምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም። የአረጋውያን ቤት አንሶላ አጥባለሁ፤ ሃያ ዓመት። ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ደም ይለቃል። ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ካሉት ምልክት እንኳ አይተውም። አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃው ነበር። ይህን ንገሪውና ምንም አትጨምሪ።

ይቅር ብዬዋለሁ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ አላልኩትም። ነገር ግን ያ ለምን ለምን የሚለኝ ነገር ቆሟል። አንዳንድ ጊዜ ከዘመድ ጋር ተጣልቶ ይሆን፣ እኛ አስቀይመነው ይሆን እያልኩ በራሳችን እፈርድ ነበር። ወለተኢየሱስ ምንም አላጠፋችም። ይህን ከራሱ አፍ ሰማሁ። ያን መሐላ ያሰሩን ሽማግሌዎች እኔን ብቻ ያፈኑ ይመስለኝ ነበር፤ እሱንም አፍነውት ኖሯል።

አሁን ፊልሙን። የበሩ ትዕይንት ይቆይ፤ ከበሩ ውስጥ ያለውም ይቆይ። ባዘዝኩሽ ላይ ግን አንድ ነገር አጥፍቻለሁና አርሚልኝ። ትሙት ብዬሽ ነበር። እኔ ለክፉው ሰው ስጨነቅ እሷን ሁለተኛ ገደልኳት።

ሽውታ እግሯ የተሰበረ ነው፤ ፈረሱም አቅቶታል። ስለዚህ ገዛኸኝ በሩን መልሶ ይክፈት። መኪናዋን ትቶ በእግሩ ሮጦ ይድረስባቸውና ጋሪውን ከኋላ ይግፋ። አሮጌ ነው፤ ያቅተዋል ትዪኝ ይሆናል። ያቅተው፤ ይውደቅ፤ ተነስቶ ይግፋ። እስከ ጎባ ድረስ ይግፋ እንጂ አጭር መንገድ ቀርጸሽ እንዳታታልዪኝ። እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ እያንዳንዱን ዳገት አውቀዋለሁ።

ከዚያ አሳዪው፤ ሮቤም ጎባም አሳዪው። እሷ ግን ትድረስልኝ፣ ልጄ። ጋሪው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲቆም ዓይኗን ገልጣ ልያት።

ሐመልማል